«ንፋስ ስልክ» የሚለው ስም ስንት ጊዜ ተጻፈ?

አንድ ስም በድሮ ጋዜጦች መደጋገሙ ለታሪክ ተማሪ እንደ ምስክር ይቈጠርለታል። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው፥ ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ስም በጽሑፍ የተዘወተረበትን ዘመን ለማወቅ የሚሻ ሰው ዛሬ ጽሑፉን ለኮምፒዩተር ሰጥቶ ያስቈጥራል፤ ዳሩ ግን መልሱ እንደሚጠይቅበት ቋንቋ ይለያያል።

የፊደል ተርታ መፈለግን ዋና ሥራው ያደረገውን ስኖቦል የተባለ ቋንቋ ፋርበር፥ ግሪስወልድና ፖሎንስኪ በ1962 እ.ኤ.አ. በቤል ላቦራቶሪ ጀመሩት። በ1989 የጸደቀው የሲ ቋንቋ ደንብ ደግሞ ተርታው መጀመሪያ የተገኘበትን ቦታ ብቻ ያመለክታል፤ ቈጠራው የፕሮግራም ጸሐፊው ፈንታ ነው። ጸሐፊው በየጊዜው አንድ ፊደል ብቻ ቢራመድ «እልልልል» ውስጥ «ልል» 3 ጊዜ ይገኛል፤ የተገኘውን በሙሉ ቢዘል ግን 2 ጊዜ። የፓይተን መቍጠሪያ ኹለተኛውን መንገድ ይከተላል።

ይህ ለየትኛውም ጽሕፈት የሚሆን ነው። የእኛ ፊደል ግን የራሱ ችግር አለበት። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 እስኪያስገባው ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ቍጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ቃል በሌላው አይገኝም ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን «ስልክ» ብሎ የሚፈልግ ኮምፒዩተር «በስልክ» የሚለውን ሲያገኝ «ስልኩ» የሚለውን ያልፈዋል፤ «ክ» እና «ኩ» ለእርሱ ምንም የማይገናኙ ኹለት ፊደላት ናቸውና።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት ሴራ የተባለው አጻጻፍ (ተንኰል የለበትም፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የመጻፊያ ሥርዓት ነው) ሳድሱን በተነባቢ ብቻ ስለሚጽፍ «ስልክ» በ«ስልኩ» ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን በዚያው አጻጻፍ «ሰው» በ«ሰወረ» ውስጥም ይገኛል። አንደኛው ያጐድላል፥ ሌላው ይጨምራል። በእኔ አስተያየት ያጐደለው የባሰ ነው፤ የተጨመረው አንባቢው ሲያየው ይጣላልና፥ የጐደለውን ግን ማንም አያየውም።

ስለ ሆነም የቈጠራ ሠንጠረዥ የሚያቀርብ ተማሪ በየትኛው መንገድ እንደ ቈጠረ ከሠንጠረዡ ግርጌ ሊጽፍ ይገባል። ጋዜጣው «ነፋስ፡ስልክ» ብሎ በኹለት ነጥብ ያተመ እንደ ሆነ፥ «ንፋስ ስልክ» ብሎ ለጠየቀ ሰው የየትኛውም ቋንቋ መልስ 0 ነው።