የከተማ አድማስ ምስል (ሥነ ሕንፃ)

የከተማ አድማስ ምስል፣ ገና ያልተገነባ ሕንፃ ከነባሮቹ ጋር ሆኖ ከሩቅ ሲታይ የሚኖረውን ገጽታ አስቀድሞ የሚያሳይ የሥነ ሕንፃ ምስል ነው። መነሻው የአውሮፓ የከተማ ፓኖራማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1616 የታተመው የክላስ ቪሸር የለንደን ሥዕል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የኒው ዮርክ የ1916 የግንባታ ደንብ ረጃጅም ሕንፃዎች ሽቅብ በወጡ ቁጥር ከመንገዱ ወደ ኋላ እንዲሸሹ ሲያስገድድ፣ የሥነ ሕንፃ ሠዓሊው ሂው ፌሪስ ደንቡ የሚፈቅደውን ግዝፈት በ1922 በአራት ተከታታይ የከሰል ሥዕሎች አሳየ።

ዛሬ የሕንፃው ባለ ሦስት አውታረ መጠን ሞዴል በኮምፒውተር ተሠርቶ ከቦታው በተነሣ ፎቶግራፍ ጋር ይዋሐዳል። የካሜራው ከፍታ፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀትና የፀሐይ አቅጣጫ ከፎቶግራፉ ጋር መግጠም አለባቸው፤ አለዚያ ሕንፃው ያለ መጠኑ ገዝፎ ወይም አንሶ፣ ጥላውም ከጎረቤቶቹ በተቃራኒ ወድቆ ይታያል። ርቀትን ለማመልከት የኋለኞቹ ሕንፃዎች ደብዘዝ ብለው ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ቀለም ይሣላሉ።

ምስሉ ለሽያጭ ማስታወቂያ፣ ለዲዛይን ውድድርና ለግንባታ ፈቃድ ያገለግላል። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን ጥብቅ እይታ ሊነኩ የሚችሉ ዕቅዶች ሲመረመሩ፣ ትክክለኛነታቸው በቅየሳ የተረጋገጠ ምስሎች ለውሳኔ ሰጪዎች ይቀርባሉ።