ከጢሱ በፊት አበባ ነበረ

ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ከተማ ላይ ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይታደላል፤ ካህኑም ጽናውን እያወዛወዘ ያጥናል። ጢሱ ግን የደጋ ልጅ አይደለም። ከተማዋ 2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ የዕጣን ዛፍ ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ እምብዛም አይወጣም። አጠገቧ ያለችው ጋፋት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አምጣ ወልዳለች፤ ዕጣን ግን ቆላ ወርደው ካላመጡላት ከተማዋ ከየት ታመጣለች?

ቆላው መተማና ቋራ ነው። መተማ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው መጋቢት 1881 ዓ.ም. በዚያ የወደቁትን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። ዛፉን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ አበባውን የሚያስታውስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የዕጣን ዛፍ የሚያብበው በበጋ፣ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ሲቆም ነው። በቀያይ ዘንጎች ላይ ነጭና ሮዝ አበቦች ይፈነዳሉ፤ መዓዛቸው ጣፋጭ ነው፣ ንብ አይለያቸውም። ልጡ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ፓፒሪፌራ» (ወረቀት ተሸካሚ) የተባለውም ለዚህ ነው። በዚያው ወራት ዕጣን ለቃሚው ስለታም መጥረቢያውን ይዞ ይመጣል። ልጡን በስሱ ይፍቀዋል፤ ወተት የመሰለ ጠብታ ይወጣና ይደርቃል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል፣ ያንኑ ቁስል ያሰፋዋል። እንዲህ እያለ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይመላለሳል።

ከጥንት ጀምሮ ዕጣን ባሕር ተሻግሯል። የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦች ከፑንት የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ጭነው መመለሳቸው በመቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ዛሬ ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት ከሙጫው በእንፋሎት የሚወጣውን ዘይት ነው። የኛው ዕጣን ዘይት ዋና ቅመም ኦክታይል አሲቴት ይባላል፤ ሽታው ወደ ብርቱካን ያደላል። እኛ ፍም ላይ ጥለን ስለምናጨሰው ያን ፍሬያማ ሽታ ብዙም አናውቀውም። ቡና ተፈልቶ ዕጣኑ ፍሙ ላይ ከመውደቁ በፊት አንዷን ፍሬ በጣት ጨፍልቆ ማሽተት ነው።

ቁስሉ ግን ከአበባው ይቀንሳል። በኤርትራ ተጠንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያልተፋቁት ዛፎች ከተፋቁት ይልቅ ብዙና የተሻለ የሚበቅል ዘር እንደሚሰጡ አሳይቷል። ከዘሩ የበቀለውንም ከብት ይግጠዋል፣ የበጋ እሳት ይልሰዋል፤ መሬቱም ለሰሊጥ ይመነጠራል። ስለዚህ ጫካው ውስጥ ሽማግሌ ዛፍ አለ፤ ለጋው ግን ብርቅ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል።