የኢብኑ ሲና መስፈርቶች፦ ለጭንቀት የሚሸጥልን ቅጠል ተፈትኗል?

«ጭንቀት ያጠፋል፣ ልብ ያረጋጋል፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ነው!» የሚሉ የቅጠል መድኃኒት ማስታወቂያዎች በየስልካችን ይመጣሉ። ብዙዎቹ የቀደምት ሙስሊም ሐኪሞችን ስም ያነሳሉ። ለመሆኑ እነዚያ ሐኪሞች አንድን ቅጠል መድኃኒት ነው ከማለታቸው በፊት ምን ይጠይቁ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተሰኘው መጽሐፉ ፍርሃትን፣ ሐዘንን፣ ቁጣንና ወስዋስን ከአካል ሕመም ጎን አስቀምጦ መርምሯል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም ቤቱ መድኃኒት እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በደህና ቀኑ የሚያጽናና ሐሳብ እንዲያከማችም መክሯል።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ኢብኑ ሲና (980–1037) ስለ ልብ መድኃኒቶች ራሱን የቻለ ድርሳን ጻፈ። ልብን ያስደስታሉ ካላቸው ዕፅዋት አንዱ ባዝረንጅቡያ የሚባለው፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ቅጠል ነው። ሆኖም በውዳሴ አላበቃም። «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል መድኃኒት የሚፈተንባቸውን ሰባት መስፈርቶች ዘረዘረ። ከነዚህ መካከል፦ የሚሞከርበት ሕመም አንድ እንጂ የተደራረበ አይሁን፤ የመድኃኒቱ ኃይል ከሕመሙ ጋር ይመጣጠን፤ ውጤቱ ሁሌም ወይም አብዛኛውን ጊዜ ይደጋገም፤ አንዴ ብቻ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላልና። ሰባተኛው ደግሞ በሰው አካል ላይ ይፈተን የሚል ነው፤ ለፈረስ ወይም ለአንበሳ የሠራው ለሰው ላይሠራ ይችላል።

ዛሬ ተመራማሪዎች ከቅጠል ተነጥሮ የወጣውን ለአይጥ ሰጥተው፣ ከመሬት ከፍ ባለ የመደመር ምልክት ቅርጽ ባለው መተላለፊያ ላይ ይለቋታል። ሁለቱ ክንፎች ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገላጣ ናቸው። የፈራች አይጥ ግድግዳውን አትለቅም፤ ወደ ገላጣው በብዛት ከወጣች ቅጠሉ ጭንቀቷን ቀንሶ ይሆናል። ግን አይጥ ሰው አይደለችም፤ ሰባተኛው መስፈርት እዚህ ይመጣል። ስለዚህ ለአንዱ የሰዎች ቡድን መድኃኒቱ፣ ለሌላው ተመሳሳይ ባዶ እንክብል ተሰጥቶ ውጤቱ ይነጻጸራል።

ይህን ያለፈም ቢሆን ጉዳት ሊኖረው ይችላል። የፓሲፊክ ደሴቶች ተክል የሆነው ካቫ በሰዎች ላይ ተሞክሮ ጭንቀትን የመቀነስ ምልክት አሳይቶ ነበር። ነገር ግን ከጉበት ጉዳት ጋር በመያያዙ ጀርመን በ2002 ከገበያ አገደችው።

እንግዲህ በኢብኑ ሲና ስም ጠርሙስ የሚሸጥልንን ሰው የኢብኑ ሲናን ጥያቄ እንጠይቀው፦ በማን ላይ፣ በምን መጠን፣ ስንት ጊዜ ተፈተነ? ሐኪም ያዘዘልንን መድኃኒት በሻጭ ቃል አናቋርጥ፤ የምንወስደውንም ቅጠል ከሐኪማችን አንደብቅ። ወላሁ አዕለም።