አፅምና መገጣጠሚያ በሰው እንቅስቃሴ

የሰው አፅም በጎልማሳ ዕድሜ 206 ያህል አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ቁጥራቸው ከዚህ ይበልጣል፤ እያደገ ሲሄድ በራስ ቅል፣ በዳሌና በአከርካሪ ግርጌ ያሉት እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። ከ206ቱ መካከል 106ቱ ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ጣቶች ጫፍ የሚገኙ ናቸው፤ በእያንዳንዱ እጅ 27፣ በእያንዳንዱ እግር 26። የአፅም ሥራ ክብደት መሸከም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ የሚበልጠው አጥንት እንዲህ ተቆራርጦ በእጅና በእግር ጫፍ ባልተሰበሰበ ነበር። አፅምን በቤት ምሰሶ መመሰል የተለመደ ነው፤ ምሳሌው ግን ከእውነቱ ከፊሉን ብቻ ይይዛል። ምሰሶ ከተተከለበት አይነቃነቅም፣ ራሱንም አያድስም። አፅም እየተንቀሳቀሰ ይሸከማል፣ እየተሸከመም ይታደሳል። እንቅስቃሴን የሚያስገኘውም መገጣጠሚያዎቹ በሚፈቅዱት ብቻ ሳይሆን በሚከለክሉትም ጭምር ነው። አንድ መገጣጠሚያ በየአቅጣጫው በተላወሰ መጠን ጽናቱ ይቀንሳል፤ በጸና መጠንም መላወሱ ይገደባል። የሰው አረማመድ፣ አያያዝና አወራወር ከዚህ ልውውጥ የተገኘ ነው።

መገጣጠሚያዎች በሦስት ይመደባሉ። የራስ ቅል አጥንቶች በስፌት መሰል መስመር ተያይዘዋል፤ በጎልማሳ ሰው አይንቀሳቀሱም ማለት ይቻላል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ጥቂት ብቻ ይላወሳሉ። ሦስተኞቹ፣ ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌና ጉልበትን የመሳሰሉት፣ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት የሚከባቸው ነፃ መገጣጠሚያዎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ አጥንት ከአጥንት ጋር አይፋተግም፤ ጫፎቹ ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተለብጠዋል፣ በመካከላቸውም የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ። ሰበቃቸው ሰው ከሠራቸው ከብዙ ማሽኖች ሰበቃ ያነሰ ነው። ጥቂት የሚላወሱትንም ቢሆን መናቅ አይገባም። ጀርባ የሚጎብጠውና የሚጠማዘዘው እያንዳንዱ አከርካሪ የምታበረክተው ትንሽ እንቅስቃሴ ተደማምሮ ነው፤ ጭንቅላት ወደ ጎን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ ግን ከላይ ባሉት ሁለት አከርካሪዎች መካከል ብቻ ይፈጸማል። በአንድ ቦታ ብዙ ተፈቀደ፣ ሌላው ቦታ በጥቂት ተወሰነ፤ በዚህም ሕብለ ሰረሰር ሳይጎዳ አንገት ይዞራል።

ልውውጡ ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ትከሻና ዳሌ ሲነጻጸሩ ነው። በሁለቱም የአጥንት ክብ ራስ በጎድጓዳ ውስጥ ይሽከረከራል። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቅ ነው፤ በጠርዙ ካለው የካርቲሌጅ ቀለበት ጋር የጭን አጥንትን ራስ ከግማሽ በላይ አቅፎ ይይዛል፣ የሚያስሩት ጅማቶችም በሰውነት ውስጥ ካሉት ከጠንካሮቹ ይቆጠራሉ። የትከሻው ጎድጓዳ ግን ጠፍጣፋ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው፤ የክንድ አጥንትን ራስ የሚደግፈው ቢበዛ እስከ ሲሶው ድረስ ነው። ስለዚህ ክንድ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን እንደ ልብ ይዘረጋል፤ በዚያው ልክ ትከሻ ከትልልቅ መገጣጠሚያዎች ሁሉ አዘውትሮ የሚወልቀው ሆኗል። ጤነኛ የጎልማሳ ዳሌን ለማውለቅ እንደ መኪና አደጋ ያለ ብርቱ ኃይል ይጠይቃል። ትከሻ በአጥንት ያጣውን ጽናት በጡንቻ ያካክሳል፤ አራት ጡንቻዎች ጅማቶቻቸውን በክንዱ ራስ ዙሪያ ዘርግተው ሳያቋርጡ ወደ ጎድጓዳው ይስቡታል። ድንጋይ የሚወረውር ሰው ላይ የሚታየው የክንዱ ፍጥነት ነው፤ ያን ፍጥነት የሚያስችለው ግን የማይታየው የመያዝ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለአጥንት የሚሰጠው ለምንድን ነው? ጡንቻ የኃይል ምንጭ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ጡንቻ ከመኮማተርና ከመሳብ በቀር ሌላ አይችልም፤ ስበቱን ወደ መግፋት፣ ወደ ማንሣትና ወደ መራመድ የሚለውጠው አጥንትና መገጣጠሚያ ነው። የክንድን አሠራር ብንመለከት፣ ክርንን የሚያጥፈው የፊት ጡንቻ የሚያያዘው ከመገጣጠሚያው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን መዳፍ ግን 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። በመዳፍ 5 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው ከ40 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት ከሚያነሣ ኃይል ጋር እኩል መሳብ አለበት ማለት ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦሬሊ ይህን መሰል አስደናቂ ስሌት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠርቶታል፤ ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1680 እና በ1681 ነው። ከእርሱ በፊት ብዙዎች የሰውነት ማንሻዎች ትንሽ ኃይል በትልቁ እንዲሠራ የሚያግዙ ይመስላቸው ነበር፤ እርሱ ያሳየው ተቃራኒውን ነው። ይህ በመጀመሪያ እይታ ብክነት ይመስላል። ሆኖም ጡንቻው በ1 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር መዳፍ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ በኃይል የተከፈለው በፍጥነትና በርቀት ተመልሷል። ዋጋው የሚያርፈው ደግሞ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሰው ሲራመድ በአንድ እግር በሚቆምባት ቅጽበት፣ ዳሌ ወደ ተነሣው እግር እንዳያዘነብል በጎን ያሉት ጡንቻዎች አጥብቀው ይስባሉ፤ የእነርሱ ስበትና የሰውነት ክብደት በአንድነት የዳሌውን መገጣጠሚያ ይጫኑታል። በርሊን ውስጥ መለኪያ በተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ዳሌዎች እንደታየው፣ በተራ እርምጃ ጭነቱ የሰውነትን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይደርሳል፤ ተራማጁ ሲደናቀፍ ደግሞ ከ7 እጥፍ በላይ የሆነበት ጊዜ ተመዝግቧል።

ቅርጽ እንቅስቃሴን ምን ያህል እንደሚወስን ከሁሉ በላይ የመሰከረው አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘ ጉልበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዶናልድ ጆሃንሰን ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጭንና የቅልጥም አጥንት መገናኛ አገኘ። ፊት አልነበረውም፣ ጥርስም ሆነ የራስ ቅል አልነበረውም፤ ያም ሆኖ ባለቤቱ በሁለት እግሩ ይሄድ እንደነበር ለመናገር በቂ ነበር። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ወደ ጉልበት የሚወርደው ቀጥ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በሁለት እግሩ ሲቆም እግሮቹ ተራርቀው በየእርምጃው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የሰው ጭን ግን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ጉልበቱም ከሰውነቱ ሚዛን ሥር ይሆናል። የሐዳሩ ጉልበት ያንኑ ማዘንበል ይዟል። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው የተገኘችው ድንቅነሽ፣ ከአፅሟ 40 በመቶ ያህሉ የተረፈላት፣ አጭርና ሰፊ በሆነ የዳሌ አጥንቷ ምስክርነቱን አጸናችው። ይህ የማዘንበል ማዕዘን ግን በውርስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ የለውም፤ መራመድ ሲጀምር ቀስ በቀስ ይፈጠራል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባልተራመዱ ሰዎች ላይም በሚገባ አይታይም። ቅርጹ እርምጃን ይወስናል፣ እርምጃም ቅርጹን ይሠራል።

አጥንት ለጭነት መልስ ይሰጣል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከመሐንዲስና ከአናቶሚ ሊቅ መገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ጀርመናዊው መሐንዲስ ካርል ኩልማን፣ የአናቶሚ ሊቁ ሄርማን ፎን ሜየር በሣለው ለሁለት የተሰነጠቀ የጭን አጥንት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች የተሰለፉት እርሱ በክሬን ላይ ባሰላቸው የኃይል መስመሮች አቅጣጫ መሆኑን አስተዋለ። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1892 እንደ ሕግ አድርጎ አሳተመው። ተቺዎች የቮልፍ ሒሳብ ልክ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ እውነት አላቸው፣ አጥንት ሕይወት ያለው አካል እንጂ አንድ ወጥ ብረት አይደለም። መሠረተ ሐሳቡ ግን ጸንቷል። የቴኒስ ተጫዋቾች ራኬት የሚይዙበት ክንድ አጥንት ከሌላው ይወፍራል። ጠፈርተኞች ክብደት በሌለበት ሲኖሩ፣ መከላከያ ካልተደረገላቸው ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ያጣሉ። መገጣጠሚያም ከዚሁ ሕግ አይወጣም፤ ገና በዕንቁላል ውስጥ ያለ ጫጩት ጡንቻዎቹ በመድኃኒት ሽባ ሲደረጉ የመገጣጠሚያዎቹ ክፍተት በአግባቡ አይፈጠርም። በማሕፀን ሳሉ በቂ እንቅስቃሴ ያላደረጉ ሕፃናትም መገጣጠሚያቸው ደርቆ ሊወለዱ ይችላሉ።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከዕለት ተዕለት ልምድ ነው፤ ብዙ የሠራ ነገር ያልቃል፣ ስለዚህ ጉልበትን መቆጠብ ብልህነት ነው ይባላል። ነገር ግን ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ሲጫኑት ፈሳሽ አውጥቶ ሲለቁት መልሶ በመምጠጥ ነው፣ ሳይጫኑት ሲቀሩ ደግሞ ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና የዳሌና የጉልበት ካርቲሌጅ መበላት የታየባቸው ለመዝናናት ከሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶ፣ ለውድድር ከሚሮጡት 13.3 በመቶ እንደሆኑ አስቀምጧል። ቁጥሩ ብቻውን መንስኤውን አያረጋግጥም፤ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ሩጫ ስለሚተው ጤነኞቹ በሯጮች ወገን ተሰብስበው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መጠነኛ ሩጫ ጉልበትን ይፈጫል የሚለውን እምነት ይህ መረጃ አይደግፍም፤ ሁለቱም ጫፎች፣ መቀመጥም ያለ ልክ መጫንም፣ ዋጋ እንዳላቸው ግን ያመለክታል። የአጥንት ስብራት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ስብራት እስኪገጥም ፋታ ይሻል። ወጌሻ በቀርከሃ የሚያስረው ለዚህ ነው፣ አስተሳሰቡም ትክክል ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው እስሩ ሲጠብቅና ደም እንዳይዘዋወር ሲያደርግ ነው፤ በዚህ ሳቢያ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ተደርሷል።

እንዲህ ከሆነ አጥንት በጠነከረና በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ነውን? የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ መልሱን ይሰጣል። በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ ለረጅም ዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ በጠጡ ሠራተኞች ላይ የታየው በሽታ በሰፊው ተጠንቷል። ፍሎራይዱ በአጥንት ውስጥ እየተከማቸ ያጠጥረዋል፤ ጅማቶች የአጥንት ጠባይ ይይዛሉ፣ አከርካሪም ይደርቃል፣ ሰውየው ጎንበስ ማለትና አንገቱን ማዞር ይሳነዋል። አጥንቱ በዝቷል፣ እንቅስቃሴው ጠፍቷል። የጤናማ አጥንት ብርታት የሚመጣው ከማዕድኑ ጋር ከተሸመነው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲንና ከማያቋርጥ እድሳት ነው፤ የጎልማሳ ሰው አፅም በ10 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው እንደሚተካ ይገመታል።

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያዎችም ተመሳሳይ ልውውጥ ውስጥ ይገባሉ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ትንሽ የብረት ራስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲሽከረከር አድርጎ የሠራው ዳሌ ለዛሬው ሕክምና መሠረት ሆነ፤ ፕላስቲኩ ግን ሕዋስ ስለሌለው ያለቀውን መተካት አይችልም። የትከሻ ተተኪ ይበልጥ አስቸገረ፤ የሚይዙት ጅማቶች የተበጠሱበት ሕመምተኛ ቢገጠምለትም ክንዱን ማንሣት ያቅተው ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቅርጹን ገለበጠው፤ ክቡን ራስ በትከሻው ዝርግ አጥንት ላይ፣ ጎድጓዳውን በክንዱ አጥንት ላይ አደረገ። የመዞሪያው ነጥብ ወደ ውስጥ ገባ፣ ትከሻን ከላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻም ክንዱን ለማንሣት የሚያስችል አቅም አገኘ። ሕመምተኛው እጁን ከራሱ በላይ ያነሣል፤ ክንዱን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ማዞር ግን እንደ ቀድሞው አይሆንለትም።