የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ሞደም ራውተርን በፋይበር መስመር መልሶ መጠቀም

የኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. ሞደም ራውተር በመደበኛ ስልክ የመዳብ ሽቦ ኢንተርኔት ተቀብሎ በኔትወርክ ገመድና በዋይፋይ የሚያከፋፍል መሣሪያ ነው። በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በሻሸመኔ ያለ ቤት ወደ ፋይበር ሲዛወር የመሣሪያው ሞደምነት ያበቃል፤ ዋይፋይ ማሠራጨቱ ግን አሁንም ይጠቅማል። በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ጥያቄ የሚነሣው በቴሌቪዥን ኬብል ስለሚሠራ ሞደም ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአብዛኛው በዲሽና በአንቴና ስለሚታይ የኬብል ሞደም አልተለመደም።

ሞደምነቱ የሚያበቃበት ምክንያት

ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. መረጃን በኤሌክትሪክ ሞገድ ያስተላልፋል። ኤ.ዲ.ኤስ.ኤል. 2+ የተባለው ደረጃ ቢበዛ በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት ያወርዳል፤ ቤቱ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ፋይበር ግን ብርሃን የሚጓዝበት ቀጭን የመስታወት ክር ነው። ጂፖን በተባለው ሥርዓት አንድ ክር ለብዙ ቤቶች ተከፍሎ በጠቅላላው በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ ያወርዳል። ብርሃኑን የሚቀበለው መሣሪያ ኦ.ኤን.ቲ. ይባላል፤ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድም በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። ስለዚህ አሮጌው ሞደም ሊተካው አይችልም።

አጠቃቀም

ኦ.ኤን.ቲው በዋናው ቤት ሲተከል ዋይፋዩ በብሎኬት ግድግዳ ተዳክሞ ሰርቪስ ቤቶች ላይደርስ ይችላል። አሮጌው ራውተር እዚያ እንዲያሠራጭ የሚደረገው እንዲህ ነው፦

1. ራውተሩ ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር ይያያዝና በጀርባው በተጻፈው አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.1፣ ማስተካከያ ገጹ ይከፈታል።
2. አድራሻው ከኦ.ኤን.ቲው እንዳይጋጭ ይለወጣል። አዲሱ አድራሻ በዚያው ረድፍ ሆኖ ኦ.ኤን.ቲው ለሌሎች ከሚያድላቸው ውጭ መሆን አለበት።
3. ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የተባለው አድራሻ አዳይ ይጠፋል፤ ይህን ሥራ ኦ.ኤን.ቲው ብቻ ይሠራል።
4. የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፤ ጥበቃው ቢያንስ ደብሊው.ፒ.ኤ. 2 ይሁን። ቻናሉ ከ1፣ 6 እና 11 መካከል ኦ.ኤን.ቲው ያልያዘው ይመረጣል።
5. የኔትወርክ ገመድ ከኦ.ኤን.ቲው ወደ ራውተሩ ላን ሶኬት ይዘረጋል። የስልክ ሶኬቱ ባዶ ይቀራል።

መብራት ሲጠፋ

የመዳብ ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። በፋይበር ግን ስልኩ የሚሰካው ኦ.ኤን.ቲው ላይ ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለ ኢንተርኔቱም ስልኩም አብረው ይቋረጣሉ። ራውተሩ የተለየ ክፍል ካለ እሱም የራሱን መጠባበቂያ ይሻል። የሁለቱ መሣሪያዎች አዳፕተር ሶኬት ቢመሳሰልም ቮልቱ ሊለያይ ስለሚችል ጽሑፉ ሳይታይ መለዋወጥ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ገደቦች

የብዙ አሮጌ ራውተሮች ላን ሶኬት ከ100 ሜጋ ቢት በሰከንድ አያልፍም፤ ዋይፋያቸውም ብዙ ጊዜ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ ይሠራል። የአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠበት ወይም ዌፕ የተባለውን ደካማ ጥበቃ ብቻ የሚያውቅ ራውተር ለአገልግሎት አይመከርም። የማያገለግለው ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት የይለፍ ቃሎቹ እንዲጠፉ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመለሳል። ማቃጠል ግን መርዛማ ጭስ ያወጣል።