በደጃዝማች ዓለማየሁ ፎቶግራፍ ፊት

በመርሳና በወልድያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የቆዩ ፎቶግራፎችን ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ የሚስቅ ሰው እምብዛም የለም። ወገብ ቀጥ፣ እጅ ጉልበት ላይ፣ ነጠላ እንደ በዓል ቀን ተስተካክሎ። ተነሺው አምሮ ለብሶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ምስሉን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ከዚያው ከወሎ ምድር፣ ከመቅደላ አምባ ተወስዶ የተነሣው የአንድ ልጅ ፎቶግራፍ ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ትባላለች። በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት ትኖር ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም.፣ የ48 ዓመት ሴት ሳለች፣ ልጇና አማቿ ካሜራ በስጦታ ሰጧት። ሙያው አልነበራትም። የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮውን ቤት ፎቶ ማንሻ አደረገችው። ለመለማመጃ አንድ ገበሬ በሰዓት ሁለት ሽልንግ ተኩል እየከፈለች አስቀመጠች። ከብዙ ድካም በኋላ የተሳካላትን የመጀመሪያውን ምስል በደስታ ይዛ ልታደርቅ ስትል እጇ መስታወቱን ዳብሶ አጠፋው። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ምስል ሳይደርቅ አይጨበጥም።

ሁለተኛው ከሌንሱ መጣ። ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት። ካሜሮን ሌንሱን ስታስተካክል ለዓይኗ ያማረው ላይ ስትደርስ ታቆማለች እንጂ ጥርት እስኪል አትጠብቅም። የዘመኑ ባለሙያዎች ይህን ካለማወቅ ቆጥረው ነቀፏት። ዛሬ ስሟን የሚያስጠራው ግን ያው ለስላሳ ጭጋግ ነው።

ሦስተኛውን ያስተማረቻት ሕፃን ናት። በ1856 ዓ.ም. ጥር ላይ አኒ የምትባል ልጅ አነሣችና የመጀመሪያ ድሏ አድርጋ ቆጠረችው። ምስሉን የሠራችው ራሷ ልጅቱ መስላ ስለታየቻትም የምትሸልማት ነገር ፍለጋ ቤቱን አሰሰች። ጀማሪዋ የፎቶግራፉ እኩሌታ የተነሺው መሆኑ ገብቷት ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ከአራት ዓመት በኋላ ምን ሆነ? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ሲያጠፉ ልጃቸው ዓለማየሁ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ይዞት ወጣ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ላይ አረፉ። አሳዳጊ የሆነው አማርኛ አዋቂው ካፒቴን ስፒዲ፣ አበሾች ባሻ ፈሊቃ የሚሉት፣ በዚያው ክረምት ልጁን ዋይት ደሴት አመጣው። ካሜሮንም ለብቻውም ከስፒዲም ጋር አነሣችው።

በምስሉ ላይ ሙያው ሙሉ ነው። ብርሃኑ ለስላሳ፣ ፊቱ ቅርብ፣ ልጁም ጸጥ ያለ። ዓይኑ ላይ ያለውን ሐዘን ግን የሌንስ ጥበብ ነው ማለት አይቻልም። አባቱንም እናቱንም ካጣ ገና ጥቂት ወራቱ ነው። ገበሬው ለሰዓቱ ተከፍሎታል፤ አኒ ተሸልማለች። ይህን ልጅ ግን እዚያ ወንበር ላይ ያደረሰው ጦርነት ነው።

ዓለማየሁ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። በ2016 ዓ.ም. የስፒዲ ዘሮች የልጁን ጉንጉን ፀጉር ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። ፎቶግራፉን በመጽሐፍ ገልጠን ስናይ እንግዲህ አንሺዋን ከማድነቃችን ጋር ልጁን ማን እዚያ እንዳስቀመጠውም ብንጠይቅ የተገባ ነው።