የነርስነት ፈቃድ ፈተና ከየት ተነሣ? ምንስ ይለካል?



ማኅበራችን ከሚሰጣቸው ብድሮች መካከል በየስብሰባው ብዙ ክርክር የሚነሣበት ለነርስነት ፈቃድ ፈተና የሚሰጠው ነው። ከአባላት በኩል «አንድ ጊዜ የወደቀች እኅት ሁለተኛ ብድር ይገባታል ወይ?» የሚል ጥያቄ ቀርቧል። ከደጋፊዎቻችን በኩል ደግሞ «ከተበደሩት ውስጥ ስንቱ አለፉ?» እንባላለን። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ግን ፈተናው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተለወጠና ምን እንደሚለካ ብናውቅ ውሳኔያችን የተሻለ ይሆናል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈቃድ ከመኖሩ በፊት

በ19ኛው መቶ ዘመን ማንም ሰው «ነርስ ነኝ» ብሎ ተቀጥሮ መሥራት ይችል ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ካቋቋመች በኋላ የሠለጠኑት ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ሆኖም የሠለጠነችውን ካልሠለጠነችው የሚለይ ሕግ አልነበረም። የሚገርመው ናይቲንጌል ራሷ ነርሶችን በፈተና መመዝገብን ትቃወም ነበር። የነርስ ጠባይና ትጋት በወረቀት ፈተና አይታወቅም ብላ ታምን ነበር። በተቃራኒው የቆመችው ኤቴል ቤድፎርድ ፌንዊክ ደግሞ ሕዝቡ ከአልሠለጠኑ ሰዎች የሚጠበቀው፣ ነርሶቹም እንደ ባለሙያ የሚከበሩት በምዝገባ ነው አለች። ክርክሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቶ እንግሊዝ ሕጉን ያወጣችው በ1919 ነው። ኒውዚላንድ ግን በ1901 ቀድማ ሕግ አወጣች፤ በጥር 1902 ኤለን ዶኸርቲ በሀገር አቀፍ ሕግ የተመዘገበች የመጀመሪያዋ ነርስ ሆነች።

ይህ የእንግሊዝ ምዝገባ ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመናቸው ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው በ1939 በመንግሥት የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆነዋል። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1942 ነቀምት ውስጥ በወሊድ ሳቢያ አረፉ። በስማቸው የተሠራውን ሆስፒታል አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሰዋል።

አሜሪካ፦ 1903

በአሜሪካ ፈቃድ የሚሰጠው በፌዴራል መንግሥት ሳይሆን በየክፍለ ግዛቱ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣችው ኖርዝ ካሮላይና ስትሆን ጊዜው 1903 ነበር። ለዚህ የታገለችው ሜሪ ሉዊስ ዋይች ከጓደኞቿ ጋር የክፍለ ግዛቱን የነርሶች ማኅበር አቋቁማ ነበር። ሴቶች ገና የመምረጥ መብት ባልነበራቸው በዚያ ዘመን የምክር ቤት አባላትን እየለመኑና እያስረዱ ነው ሕጉን ያስወጡት። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ቨርጂኒያ ተከተሉ።

የኖርዝ ካሮላይና ሕግ የዘረዘራቸው የፈተና ዓይነቶች የዘመኑን አስተሳሰብ ያሳያሉ። የሰውነት አካላትና አሠራራቸው፣ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምናና የወሊድ ነርሲንግ ነበሩበት። ከእነዚህ ጋር የሕመምተኛ ምግብ አዘገጃጀትና የቤት ንጽሕናም ይጠየቁ ነበር። የዚያን ጊዜ ነርስ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው በሕመምተኛው ቤት ስለነበር ጥያቄው ያለ ቦታው አልገባም።

እነዚያ የመጀመሪያ ሕጎች ግን የሚጠብቁት ስሙን ብቻ ነበር። ሳትመዘገብ «የተመዘገበች ነርስ» ብላ ራሷን መጥራት የተከለከለ ቢሆንም፣ ሳትመዘገብ በነርስነት መሥራት አልተከለከለም። ያለ ፈቃድ መሥራትን የሚከለክል ሕግ በመጀመሪያ የወጣው በኒው ዮርክ ነው፤ እሱም በ1938።

በሩ ለሁሉም አልተከፈተም

ፈተናው መኖሩ አንድ ነገር ሆኖ፣ ለፈተናው እንድትቀመጪ መፈቀዱ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። በብዙ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁር ነርሶች ከነጮቹ እኩል ለመፈተን አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1908 ማርታ ሚነርቫ ፍራንክሊን ጥሪ አድርጋ 52 ጥቁር ነርሶች ኒው ዮርክ ተሰበሰቡና የጥቁር ተመራቂ ነርሶች ብሔራዊ ማኅበርን መሠረቱ። ከዓላማዎቻቸው አንዱ ይህን በር ማስከፈት ነበር።

በጆርጂያ ሉዲ አንድሩስ የተባለች ነርስ በ1909 ጉዳዩን በሕግ ጀመረች። ለእሷ ብቻ ፈቃድ እንስጥሽ ሲሏት «ለሁላችንም ካልሆነ አልቀበልም» አለች። ትግሉ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1920 ለጥቁር ነርሶች ምዝገባ ተፈቀደ። የራሷን ወረቀት ተቀብላ ብትሄድ ኖሮ ማንም አይወቅሳትም ነበር። የጠበቀችው ግን ከኋላዋ ለሚመጡት ነው። እኛ እቁብና እድር ይዘን ያደግን ሴቶች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም።

ጦርነቱና የምርጫ ጥያቄ

እስከ 1940ዎቹ ድረስ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ፈተና ያወጣ ነበር። ብዙው በጽሑፍ የሚመለስ ሲሆን የቃልና የተግባር ፈተናም ነበረ። አራሚዎቹ ነርሶች በመሆናቸው ውጤት ለመስጠት ረጅም ጊዜ ይወስድ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነርሶች በአስቸኳይ ሲፈለጉ ይህ አሠራር አላዋጣም። ስለዚህ በ1944 ክፍለ ግዛቶች ጥያቄዎቻቸውን አንድ ቋት ውስጥ አጠራቅመው በጋራ መጠቀም ጀመሩ። ጥያቄዎቹ በምርጫ የሚመለሱ፣ እርማቱም በማሽን የሚሠራ ሆነ። በ1950 ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ይህን የጋራ ፈተና ይጠቀሙ ነበር።

ይህ ፈተና በመጨረሻ ቅርጹ አምስት ክፍል ነበረው፦ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ ሕፃናትና የአእምሮ ሕመም። ለእያንዳንዱ የተለየ ውጤት ይሰጥ ነበር። አከፋፈሉ የሐኪሞችን የትምህርት ክፍፍል የተከተለ ነው። ጥያቄውም በአመዛኙ «ታውቂያለሽ ወይ?» የሚል ነበር።

በ1978 የክፍለ ግዛቶቹ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋሙ። በ1982 ምክር ቤቱ ዛሬ ኤንክሌክስ የምንለውን ፈተና አወጣ። ትልቁ ለውጥ አምስቱ ክፍሎች ተዋሕደው ውጤቱ አንድ መሆኑ ነው። ጥያቄዎቹ የነርሷን የሥራ ቅደም ተከተል ተከተሉ፦ ሕመምተኛውን ማየትና መመርመር፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ ውጤቱን መገምገም።

ኮምፒዩተሩ ለምን ይቆማል?

እስከ 1994 ድረስ ፈተናው በወረቀት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ቀን ይሰጥ ነበር። አንዷ ከወደቀች እስከሚቀጥለው ዙር ወራት ትጠብቃለች። በ1994 ፈተናው ወደ ኮምፒዩተር ተዛወረ፤ አሠራሩም ከተለመደው የተለየ ነው። ተፈታኟ አንድ ጥያቄ ስትመልስ ኮምፒዩተሩ ችሎታዋን ገምቶ ቀጣዩን ይመርጣል። ከመለሰች ከበድ ያለ፣ ከሳተች ቀለል ያለ ይመጣል። የሚመጣላት ጥያቄ ከችሎታዋ ጋር የሚመጣጠን ስለሆነ ጎበዟም ብትሆን ግማሽ ያህሉ የከበዳት ይመስላታል። ከፈተና ወጥታ «ወድቄያለሁ» እያለች የምታለቅስ እኅት ብዙ ጊዜ ያለፈች የምትሆነው ለዚህ ነው።

ፈተናው የሚቆመው ኮምፒዩተሩ ችሎታዋ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኑን 95 በመቶ ሲያረጋግጥ ነው። በመካከላችን «ቶሎ ከቆመ አልፈሻል» የሚል ወሬ አለ፤ ትክክል አይደለም። ቶሎ መቆሙ ግምቱ ቶሎ መርጋቱን እንጂ ወደየት መርጋቱን አይናገርም። እስከ መጨረሻው ጥያቄ የሄደች ደግሞ መስመሩ አጠገብ የነበረች ናት። እንዲህ ዓይነቷ ተፈታኝ ብትወድቅ «አትችልም» ሊባልላት አይገባም።

2023፦ ከዕውቀት ወደ ውሳኔ

የመጨረሻው ትልቅ ለውጥ የመጣው በሚያዝያ 2023 ነው። ፈተናው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ሆኖ የተሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ለእያንዳንዷ ተፈታኝ በአንድ ሕመምተኛ ታሪክ ላይ ስድስት ስድስት ጥያቄ የያዙ ሦስት ታሪኮች ይቀርባሉ። ስድስቱ ጥያቄዎች ስድስት እርምጃዎችን ይከተላሉ፦ ምልክቱን ማስተዋል፣ ምልክቱን ማገናዘብ፣ ከሚጠረጠሩት ውስጥ አጣዳፊውን ማስቀደም፣ መፍትሔዎችን ማሰብ፣ እርምጃ መውሰድና ውጤቱን መገምገም። በከፊል ለተመለሰም ከፊል ነጥብ ይሰጣል።

በምሳሌ እንየው። የድሮው ጥያቄ «ከወሊድ በኋላ ለሚከሰት ከባድ የደም መፍሰስ ዋነኛ መንሥኤ ምንድን ነው?» ሊል ይችላል። መልሱ ማሕፀን በደንብ አለመኮማተሩ ነው፤ ይህን ያጠናች ሁሉ ታገኘዋለች። የአሁኑ ጥያቄ ግን መንሥኤውን አይነግርሽም። ከወለደች ሁለት ሰዓት የሆናት እናት ሰንጠረዥ ይሰጥሻል። የልብ ምቷ እየጨመረ፣ የደም ግፊቷ እየወረደ ነው። ፎጣው ቶሎ ይርሳል፤ ማሕፀኗ ሲዳሰስ ለስልሷል፤ ሕፃኑ ግን ደኅና ጠብቷል። ከዚህ ውስጥ የሚያሳስብሽ የትኛው ነው? መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ሐኪም መጥራት ትክክል ቢሆንም፣ በቅድሚያ በእጅሽ ማሕፀኑን ማሸት ይገባሻል። ማሕፀኑ ወደ ጎን ከሄደ ደግሞ ፊኛዋ ሞልቶ እንደሆነ ማሰብ አለብሽ። በዕውቀትና በውሳኔ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ በዚህ ልዩነትም እናት ትተርፋለች ወይም ትሞታለች።

ከሀገር ቤት ተምራ የመጣች ነርስ

ምክር ቤቱ የፈተናውን ይዘት የሚወስነው በየሦስት ዓመቱ አዲስ ፈቃድ ያገኙ ነርሶች በሥራ ላይ ምን እንደሚሠሩ አስጠንቶ ነው። ስለዚህ ፈተናው የሚጠይቀው «አንዲት ጀማሪ ነርስ በአሜሪካ ሆስፒታል በመጀመሪያ ወራቷ ሰው ሳትጎዳ መሥራት ትችላለች ወይ?» ብሎ ነው። የዐሥር ዓመት ልምድን አይለካም፤ ይለካልም አይባልም።

በሀገር ቤት መድኃኒትና ዕቃ ባልተሟላበት ክፍል ብዙ ሕመምተኛ ስታስታምም የኖረች እኅት የሚያስቸግራት ብዙውን ጊዜ ሕክምናው አይደለም። ጥያቄው ዕቃው ሁሉ እንዳለ አድርጎ ነው የሚቀርበው። የትኛው ሥራ ለረዳት ነርስ እንደሚሰጥና የትኛው እንደማይሰጥ፣ ሕመምተኛው ሕክምና እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ፣ ለቤተሰብ ምን መናገር እንደማይቻል ይጠይቃል። እኛ ቤት ምስጢሩ የሚነገረው ለቤተሰብ ነበር፤ እዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሕመምተኛው ነው። ይህ በጥናት የሚገኝ ነገር ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ከውጭ የመጡ ነርሶች በብዛት ይወድቁ ስለነበር ነው በ1977 የውጭ ተመራቂዎችን ወረቀት የሚመረምርና አስቀድሞ የሚፈትን ኮሚሽን የተቋቋመው። ዛሬም በውጭ የተማሩት የማለፍ መጠን እዚህ ከተማሩት ያነሰ ነው።

ስለ ብድሩ

እንግዲህ ወደ ጉባኤው ጥያቄ እንመለስ። የፈተናው ዋና ክፍያ 200 ዶላር ነው። በዚያ ላይ ለክፍለ ግዛቱ ቦርድ የሚከፈል፣ ወረቀት ለማስመርመርና ለማስተርጎም የሚወጣ፣ ለጥናት ሲባል የሚቀር የሥራ ሰዓት አለ። የወደቀች ተፈታኝ በምክር ቤቱ ደንብ ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ትችላለች፤ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ገደብ አላቸው። በየትኛው ርእስ ከማለፊያው በላይ፣ በአጠገቡ ወይም በታች እንደሆነች የሚያሳይ ወረቀትም ይደርሳታል።

የሒሳብ ክፍላችን ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያው ብድር ውጤት ሳይጠየቅበት እንደ እስካሁኑ ይቀጥል። ሁለተኛው ብድር የወደቀች እኅት ያንን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ፈቃድ ካላቸው አባሎቻችን ከአንዷ ጋር ለ45 ቀኑ የጥናት ዕቅድ ስታወጣ ይሰጣት። ወረቀቱ ከሁለቱ ሰው በቀር ለማንም አይታይም፤ ስሟም በስብሰባ አይነሣም። ለደጋፊዎቻችን የምናቀርበው ሪፖርት ደግሞ ያለፉትን ብቻ ሳይሆን ስንቶች ዳግም እንደተቀመጡና ስንቶች በሁለተኛው እንዳለፉ ይጨምር። እንዲህ ሲሆን ገንዘቡ ምን እንደሠራ በትክክል ይታያል።

ናይቲንጌል ፈተና ሁሉን አይለካም ማለቷ እውነት ነበረው፤ ፌንዊክም ያለ ፈተና ሕመምተኛ አይጠበቅም ማለቷ እውነት ነበረው። ማኅበር የሚያስፈልገው በሁለቱ መካከል ለቀረችው እኅት ነው። በጉባኤው ዕለት አስተያየታችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እንጠይቃለን።